ወደ ቦታው የሚመለስ ጥርስ

የሮማው ጸሐፊ ኬልሰስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሕክምና ባሰናዳው ሰፊ ድርሳን ውስጥ አንዲት አጭር ምክር አስፍሯል። የልጁ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ቋሚው ብቅ ካለ የወተቱ ይነቀል፤ አዲሱም ትክክለኛ ቦታው እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ በጣት ይገፋ ይላል። መሣሪያ የለ፣ ሽቦ የለ፤ ጣትና ትዕግሥት ብቻ። በዚህ ምክር የዛሬ ሐኪምም አይስቅም፤ ጥርስ ሳያቋርጡ በለስላሳ ኃይል ከገፉት ይሄዳልና። ኬልሰስ ያልነገረን፣ ጣቱ ከተነሣ በኋላ ጥርሱ የት እንደሚገኝ ነው። ከእሱ በኋላ ጥርስ ለማቃናት የተነሡት ሁሉ፣ በወርቅ የሠሩትም በፕላስቲክ የሠሩትም፣ ዞሮ ዞሮ የተፋጠጡት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው።

ከሮማ ውድቀት በኋላ የአውሮፓ ጥርስ ለብዙ መቶ ዓመታት በፀጉር ቆራጮችና በገበያ ጥርስ ነቃዮች እጅ ወደቀ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ታላቁ ቶማ የሚባል ግዙፍ ሰው ፖን ኔፍ ድልድይ ላይ ቆሞ፣ በአላፊ አግዳሚው ፊት ጥርስ ሲነቅል ይውል ነበር። የታመመውን መንቀል እንጂ የጠመመውን ማቃናት የእነዚህ ሰዎች ሥራ አልነበረም።

በዚያው ከተማ ፒየር ፎሻር የሚባል ሐኪም ሌላ መንገድ ጀመረ። ፎሻር በ15 ዓመቱ የፈረንሳይ ባሕር ኃይልን ተቀላቅሎ፣ ስከርቪ በሚባል በሽታ ድዳቸው ያበጠና ጥርሳቸው የረገፈ መርከበኞችን እያየ ሙያውን የተማረ ሰው ነው። በ1728 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «የጥርስ ቀዶ ሐኪም» የሚል ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። ጥርስ የሚቦረቡረው ትል ነው የሚለውን፣ በእኛም አገር ገና ያልጠፋውን እምነት በአጉሊ መነጽር ፈትሾ ትሉን አላየሁትም ብሎ የጻፈው በዚሁ መጽሐፍ ነው።

የጠመመ ጥርስንም በቸልታ አላለፈውም። መሣሪያው በጥርስ ረድፍ ልክ የጎበጠ፣ ዳር ዳሩ የተበሳሳ፣ ከብር ወይም ከወርቅ የተሠራ ቀጭን ዝርግ ብረት ነበር። በቀዳዳዎቹ ክር አሳልፎ የጠመመውን ጥርስ ከብረቱ ጋር ያስረዋል፤ ክሩ ሲጠብቅ ጥርሱ ወደ ረድፉ ይሳባል። ይህ አልበቃ ሲል ጉጠቱን ያነሣል። ጥርሱን ከጉድጓዱ ሳያወጣ በአንድ ጊዜ ጠምዝዞ ያቃናውና፣ እስኪጠና ድረስ ከግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር በክር ያስረዋል። ያለ ማደንዘዣ መሆኑን ልብ ይሏል! ያም ሆኖ ፎሻር አንድ ነገር ገብቶታል፤ የተቃና ጥርስ የሚይዘው ካላገኘ ባለበት አይቆይም።

ከፎሻር በኋላ ሙያው ቀስ በቀስ ሰው በዛለት። የፈረንሳይ ንጉሥ የጥርስ ሐኪም ኤትየን ቡርዴ በ1757 መሣሪያውን አሻሻለው። ለንደን ውስጥ ጆን ሃንተር በ1771 የሰው ጥርስና መንጋጭላ እንዴት እንደሚያድግ በሥዕል አስደግፎ ጻፈ። ቻርልስ ጉድዪር በ1844 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት፣ ሙቀትና ብርድ የማይበግረው ላስቲክም ብዙ ሳይቆይ አፍ ውስጥ ገባ። ቅርጻ ቅርጽም ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ኖርማን ኪንግስሊ በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የገጠጡ ጥርሶችን ከራስ ጀርባ በሚያልፍ ማሰሪያ ወደ ኋላ መሳብ እንደሚቻል አሳየ። የሁሉም ዓይን ግን ያረፈው የፊት ጥርስ ላይ ነበር። የላይኛው ረድፍ ከታችኛው ጋር እንዴት እንደሚገጥም አጥብቆ የጠየቀ እምብዛም አልነበረም።

ያን ጥያቄ የሙያው ሁሉ መነሻ ያደረገው ኤድዋርድ ኤንግል ነው።

ኤንግል በ1855 በፔንሲልቬኒያ ገጠር ተወልዶ በ1878 በጥርስ ሕክምና ተመረቀ። በ1899 ያወጣው አመዳደብ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የጥርስ ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው ነው። መለኪያው በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ የሚበቅለው የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ነው። ይህ ጥርስ ማንንም ስለማይተካ፣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ መስሎት ሲቦረቦር ዝም ይለዋል። ኤንግል የልጁን ጉንጭ ገለጥ አድርጎ የሚያየው፣ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ የፊተኛ ጫፍ በታችኛው ጥርስ ውጫዊ ሸንተረር ላይ ማረፍ አለማረፉን ነበር። አርፎ ሳለ ሌሎቹ ጥርሶች ብቻ ከተዛነፉ አንደኛው ምድብ ነው። የታችኛው ወደ ኋላ ከሸሸ ሁለተኛው፣ ወደ ፊት ከወጣ ሦስተኛው ምድብ ይሆናል። በአንድ ጥርስ ላይ የቆመ እንዲህ ያለ ቀላል መለኪያ፣ የተበታተነውን ልምድ ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ አደረገው።

በ1900 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ጥርስ ማቃናትን ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪ የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ያልወደደውን ከመሃል ያሰናብታል፤ የሠራውን መሣሪያ ሁሉ በስሙ ያስመዘግባል። በኋላ ያገባት አና ሆፕኪንስ፣ እሷም የጥርስ ሐኪም የነበረች፣ ጽሑፎቹን በማዘጋጀትና ተማሪዎቹን በመያዝ ቀኝ እጁ ሆነች፤ ተማሪዎቹ «እማማ ኤንግል» እስከማለት ደርሰዋል።

ኤንግል ስለ ውበትም ተጨንቋል። መጀመሪያ ላይ የፍጹም ፊት ልክ አድርጎ የያዘው አፖሎ ቤልቬዴሬ የተባለውን ጥንታዊ ሐውልት ነበር። የሥነ ጥበብ መምህር የነበረው ወዳጁ ኤድመንድ ቨርፕል ግን የሰው ልጅ ሁሉ በአንድ ፊት አይለካም አለው። ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሌላው ዘንድ በሽቦ የሚዘጋው ፍንጭት እዚህ የሚዘፈንለት ውበት ነው። ኤንግል ምክሩን ሰማ። ሐውልቱን ሲተው ግን የባሰ የጠበቀ ሕግ ተከለ፤ 32ቱም ጥርሶች ካሉና በትክክል ከገጠሙ ፊቱ በራሱ ያምራል፤ ስለዚህ ለማቃናት ተብሎ ጥርስ አይነቀልም።

ጥርሱ ቢመለስስ? ለዚህም መልስ ነበረው። አጥንት በሚያርፍበት ጫና ልክ ራሱን እንደሚያበጅ በዘመኑ ሳይንስ ይነገር ስለነበር፣ በትክክል የገጠሙ ጥርሶች ባኘኩ ቁጥር በዙሪያቸው አጥንት ያበቅላሉ ብሎ አመነ። እንግዲህ የተመለሰ ጥርስ ካለ ጥፋቱ በደንብ ያላገጠመው ሐኪም ነው። ይህ እምነት የኤንግልን ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት በየቢሮአቸው ብቻቸውን እንዲሳቀቁ አድርጓል።

በአጥንቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ በዓይን የታየው በስዊድን ነው። ካርል ሳንድስቴት የውሾችን የፊት ጥርሶች በሽቦ ስቦ፣ አጥንቱን ከነጥርሱ ቆርጦ በአጉሊ መነጽር ከመረመረ በኋላ ውጤቱን በ1904 አሳተመ። ጥርሱ በሚገፋበት በኩል አጥንቱ ይበላል፤ ጥርሱ በሚሸሽበት በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ያለው ጅማት ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚካሄደው እዚያ ነው። ኃይሉ ከበረታ ጅማቱ ይጨፈለቃል፣ ደም ይቋረጣል፣ በዚያ በኩል ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ጥርሱም ለጊዜው መሄዱን ትቶ ይቆማል። በ1932 አልቢን ማርቲን ሽዋርትዝ ተገቢውን ጫና በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ20 እስከ 26 ግራም ብሎ አስቀመጠው። ፎሻር በጉጠት የታገለው ነገር የሚታዘዘው ለዚህች ያህል ክብደት ነበር። ዛሬም ብሬስ (የጥርስ ማቃኛ ሽቦ) ያሰረ ሰው ጥርሱ በወር የሚሄደው በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቦውን በማክረር የሚገኝ ነገር ቢኖር ሕመም ነው።

በ1911 በአሜሪካ ብሔራዊ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ላይ ኤንግል የከለከለው የመንቀል ጉዳይ በአደባባይ ፈነዳ። ካልቪን ኬዝ ጥርስ ለመንጋጭላው ሲበዛና አፍ ወደ ፊት ሲገፋ መንቀል ግድ ይላል ብሎ ተከራከረ። የኤንግል ተማሪ የነበረው ማርቲን ዱዊ ተነሥቶ ሞገተው። ኬዝ በሽተኞቹን በምስል አስደግፎ ቢያቀርብም በመድረኩ የተሰማው የኤንግል ወገን ነበር።

ክርክሩ ሳይበርድ ቻርልስ ሃውሊ በ1919 ላንቃ ላይ የሚቀመጥና በፊት ጥርሶች ላይ በሚያልፍ ሽቦ የሚይዝ፣ ተነሥቶ የሚታጠብ መያዣ አስተዋወቀ። ዛሬ ሪቴይነር የሚባለው ነገር አባት ይኸው ነው፤ ቅርጹም እስካሁን ብዙ አልተለወጠም። መያዣው በየክሊኒኩ መለመዱ፣ ጥርስ በትክክል ስለገጠመ ብቻ እንደማይረጋ በተግባር የሚመሰክር ነበር።

ኤንግል በበኩሉ ካሊፎርኒያ ፓሳዲና ከተማ ሆኖ መሣሪያውን ማሻሻሉን አላቆመም። ከቀለበት ጋር በየጥርሱ የሚታሰር፣ ዛሬ ብራኬት የሚባለውን ትንሽ ብረት ሠርቶ፣ በላዩ ላይ አግድም ጎድጓዳ መስመር አወጣለት፤ በመስመሩ ውስጥም አራት ማዕዘን ሽቦ አስገባ። ክብ ሽቦ ጥርሱን ያዘነብለዋል እንጂ ሥሩን አይገዛውም። አራት ማዕዘኑ ግን ከድድ በላይ ያለውን ዘውዱንም ሥሩንም በሦስት አቅጣጫ ይመራል። በ1928 በጽሑፍ ያወጣው የዚህ መስመር ልክ 0.022 በ0.028 ኢንች ሲሆን፣ ዛሬ ከሚሸጡት ብራኬቶች ብዙዎቹ በዚሁ ቁጥር የሚሠሩ ናቸው። ኤንግል በ1930 አረፈ።

መምህሩ ሲያርፍ ጥርጣሬው ከገዛ ደቀ መዛሙርቱ ወጣ። ቻርልስ ትዊድ የአሪዞና ሰው ነው፤ ከኤንግል እግር ሥር ተምሮ መሣሪያውንም አብሮት ያስተዋወቀ። ሕጉን ጠብቆ አንድም ጥርስ ሳይነቅል ለዓመታት ከሠራ በኋላ፣ የራሱን በሽተኞች መልሶ ጠርቶ አፋቸውን መረመረ። ብዙዎቹ ጥርሶች ተመልሰዋል፤ ያልተመለሱትም አፉን ወደ ፊት ገፍተው ፊቱን አበላሽተዋል። ትዊድ በሽተኛውን አልከሰሰም። ከክራንቻው ቀጥሎ ያሉትን ትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች አራቱንም እየነቀለ እንደገና ማቃናት ጀመረ። በ1936 ሐሳቡን ሲያቀርብ ፊት ነሡት። በ1940 ግን መጀመሪያ ሳይነቅል፣ በኋላ ነቅሎ ያከማቸውን የ100 በሽተኞች የጥርስ ቅጅና ፎቶግራፍ ይዞ ጉባኤው ላይ ደረደረው። ያን ካየ በኋላ መከራከር ከባድ ነበር።

ሌላው የኤንግል ተማሪ ሬይመንድ ቤግ በአውስትራሊያ አዴሌድ ከተማ ሆኖ በሌላ በር እዚያው ደረሰ። የአገሩን ነባር ሕዝቦች የራስ ቅሎች ሲመረምር፣ አሸዋ የተቀላቀለበት ሻካራ ምግብ ጥርሶቻቸውን ከጎንም ከላይም እየበላ እንዳጠበባቸው አየ። ለስላሳ ምግብ የሚበላው የዘመኑ ሰው ጥርስ ስለማይበላ ቦታ ይጠበዋል የሚለውን ሐሳቡን በ1954 አሳተመ። ከብረት ባለሙያው አርተር ዊልኮክ ጋርም ቀጭንና ስፕሪንግ የሚሆን አይዝጌ ብረት ሽቦ አዘጋጅቶ፣ ጥርስን በለስላሳ ኃይል የሚያንቀሳቅስ ስልቱን አስፋፋ። ከትዊድና ከቤግ በኋላ መንቀል ነውር መሆኑ ቀርቶ፣ እንዲያውም በዛ እስኪባል ድረስ ልማድ ሆነ።

እስከዚያ ዘመን ብሬስ ማሳሰር ከባድ ነገር ነበር። እያንዳንዱ ጥርስ በልኩ የተሠራ የብረት ቀለበት ይጠልቅለታል፤ ቀለበቱ እንዲገባ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት መፈልቀቅ አለበት፤ አፍ ሲከፈት የሚታየው ብረት ብቻ ነው። ለውጡ የመጣው ከፋብሪካ ልምድ ነው። ሮቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ማይክል ቦኖኮር፣ ብረት ቀለም አጥብቆ እንዲይዝ አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚታጠብ ያውቅ ነበር። ይኸው በጥርስ ላይ ቢደረግስ ብሎ 85 በመቶ የሆነ አሲድ ለ30 ሴኮንድ ቀባ። አሲዱ የጥርሱን ውጫዊ ሽፋን ኢናሜሉን በዓይን በማይታይ ደረጃ ያሻክረዋል፤ ማጣበቂያው ሰርጎ ሲደርቅ በቀላሉ አይነቀልም። ውጤቱ በ1955 ታተመ፤ በ1965 ጆርጅ ኒውማን ብራኬትን ያለ ቀለበት በቀጥታ ጥርስ ላይ ማጣበቅ እንደሚቻል አሳየ።

ይህ ዘዴ በስምጥ ሸለቆ ላደገ ኢትዮጵያዊ አንድ ችግር አለው። በወንጂና በዝዋይ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በልጅነቱ እሱን የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። የበለዘው ኢናሜል የላይኛው ንጣፍ አሲድ በቀላሉ ስለማይበላው ብራኬቱ ቶሎ ይወልቃል። ስለዚህ ሐኪሙ ከማጣበቁ በፊት ገጹን መሞረድ ወይም አሲዱን ማቆየት ሊኖርበት ይችላል።

ከ1965 በኋላ ያሉት ዓመታት ፈጣን ነበሩ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመሣሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘውን፣ ብዙ ቢታጠፍም ወደ ቅርጹ የሚመለስ የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ አንድሪያሰን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጥርስ አመጣው። በየወሩ ሽቦ ማጣመም ቀነሰ። ሎረንስ አንድሩስ ደግሞ ያለ ሕክምና በተፈጥሮ ያማሩ የ120 ሰዎች የጥርስ ቅጆችን ለክቶ፣ በ1972 የጥሩ ግጥሚያ ስድስት መለያዎችን አወጣ። እያንዳንዱ ጥርስ ማዘንበል ያለበት ልክ በራሱ ብራኬት ውስጥ ተቀርጾ መምጣት ጀመረ።

መሣሪያው እንዲህ ሲረቅቅ፣ በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሊትልና ሪቻርድ ሪደል የቆየውን ጥያቄ አነሡ። አራት ጥርሶቻቸው ተነቅለው የተቃኑ 65 ሰዎችን፣ መያዣው ከወጣ ቢያንስ 10 ዓመት በኋላ መርምረው ውጤቱን በ1981 አሳተሙ። ከ3 እጅ 2ቱ የታች የፊት ጥርሶቻቸው ዳግም ተጨናንቀዋል። በ1988 እስከ 20 ዓመት ሲከታተሉ ነገሩ ብሶ አገኙት፤ ማን እንደሚመለስበት አስቀድሞ ለማወቅም አልቻሉም። መንቀሉም አለመንቀሉም ዋስትና አልሆነም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሪቴይነሩን ለአንድ ዓመት ወይም ለሁለት አድርገው ይጣሉት የሚል ሐኪም እያነሰ ሄዶ፣ ማታ ማታ ዕድሜ ልክ ይደረግ የሚለው ምክር እየገነነ መጣ።

ጥርስ ሁልጊዜ የሚነቀለው በሐኪም ውሳኔ አይደለም፤ በ1994 የእስራኤል የልጆች ጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተ እስራኤል ልጆች ላይ ያዩትን አሳተሙ። የብዙዎቹ የወተት ክራንቻ ጥርስ ጠፍቶ ተገኘ። ምክንያቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ያለ ልማድ ነው። ሕፃኑ ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፣ ክራንቻው ገና ሳይበቅል ድዱ ላይ የሚታየው እብጠት ይወቀሳል፤ የጥርሱ ፍሬም በስለት ወይም በጋለ ብረት ይወጣል። ከሥሩ ተኝቶ ተራውን የሚጠብቀው ቋሚ ጥርስ አብሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ባዶ በቀረው ቦታም ጎረቤቶቹ ይጋደማሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ከዓመታት በኋላ ብሬስ ሲያስፈልገው፣ ሐኪሙ የሚጀምረው የጎደለውን በመቁጠር ነው።

ለረጅም ዘመን ብሬስ ባብዛኛው የልጅና የጎረምሳ ነገር ነበር። የአጥንቱ ሥራ በጎልማሳም ያው ነው፤ ድዱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ጥርሱ ይሄዳል። የሚቀረው መንጋጭላው ማደጉን ስለጨረሰ የአጥንቱን አስተዳደግ መምራት አለመቻሉ ነው። ጎልማሳውን ይልቅ የከለከለው ሥራ ቦታ ላይ ሽቦ አስሮ መታየት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣው ጥርስ የሚመስል የሴራሚክ ብራኬት ያን ሐፍረት በከፊል አቀለለው።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ጥርሱ ከተመለሰበት ሰው ነው። በስታንፎርድ የንግድ ትምህርት ተማሪ የነበረው ዚያ ቺሽቲ ብሬስ ያሳሰረው በጎልማሳነቱ ነው። ካወለቀ በኋላ ግልጹን ሪቴይነር ለጥቂት ቀን ሲተወው ጥርሱ ይሸሻል፤ መልሶ ሲያጠልቀው ይገፋዋል። ቺሽቲ ከዚህ ተነሥቶ ሪቴይነር ጥርስን ከያዘና ከመለሰ፣ ትንሽ ትንሽ እየተለዋወጠ ቢሠራ ወደ አዲስ ቦታም ይወስደዋል አለ። ከትምህርት ጓደኛው ኬልሲ ዊርዝ ጋር በ1997 አላይን ቴክኖሎጂን መሠረቱ። ሁለቱም የጥርስ ሐኪም አልነበሩም። የበሽተኛው ጥርስ በኮምፒዩተር ይቀረጻል፤ መንገዱ በደረጃ ይከፋፈላል፤ ለየደረጃው አንድ ቀጭን ፕላስቲክ ይሠራል። እያንዳንዱ ጥርሱን የሚያንቀሳቅሰው ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመብላትና ለመቦረሽ ብቻ እየወለቀ በቀን ከ20 ሰዓት በላይ አፍ ውስጥ ይውላል። ኢንቪዛላይን በሚል ስም በ1998 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ አገኘ።

ፕላስቲኩ በኮምፒዩተር የሚታቀድ ከሆነ ሐኪሙ ለምን ያስፈልጋል የሚሉም አልታጡም። በ2014 የተመሠረተው ስማይልዳይሬክትክለብ ደንበኛው ቤቱ ሆኖ የጥርሱን ቅጅ በፖስታ እንዲልክ፣ ፕላስቲኮቹም በፖስታ እንዲደርሱት አደረገ። ዋጋው ከክሊኒክ ብሬስ በእጅጉ ያነሰ ነበር። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (ጥርስ አቃኝ ሐኪሞች) ማኅበር ግን ድዱና የሥሩ አጥንት በኤክስሬይ ሳይታይ ጥርስ መነካት የለበትም ብሎ ተቃወመ፤ ጉዳዩም በየግዛቱ ክርክር አስነሣ። ኩባንያው በመስከረም 2023 ኪሳራ አስታወቀ፤ በታኅሣሥም ተዘጋ። ፕላስቲኩን ከመሃል የያዙ ደንበኞች ወደ አካባቢያቸው የጥርስ ሐኪም እንዲሄዱ ተነገራቸው። ጥርሱ ቢመለስ ኩባንያው ያስተካክላል የሚለው የዕድሜ ልክ ዋስትና መቅረቱ፣ በየወሩ የሚከፍሉት ግን ክፍያቸውን መቀጠል እንዳለባቸው በዚያው ማስታወቂያ ተጽፎ ነበር።